አሮጌ በር ላይ የኮድ ቁልፍ፦ ለእንግዳ ማረፊያ ቤት የትኛው ይሻላል?

የእናቴን ቤት ለእንግዳ ማከራየት ስጀምር ከሁሉ በላይ ያስቸገረኝ የቁልፍ ነገር ነው። ከዱባይ የሚመጣው እንግዳ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይደርሳል። አንዱ ቁልፉን በኪሱ እንደያዘ ባሕር ዳር ይገባል። ሌላዋ ታክሲ ውስጥ ትጥለዋለች። እኔ ደግሞ ወይ ቁልፍ ሳስቀርጽ ወይ ሰረገላ ሳስቀይር እውላለሁ። ያስቀረጽኩት ቅጂ ስንት ሰው እጅ እንደቀረ ራሴም አላውቅም ነበር።

የኮድ ቁልፍ እንደሚያስፈልገኝ ወዲያው ገባኝ። የትኛው እንደሆነ እስኪገባኝ ግን ሁለት ቁልፍ ከስሬያለሁ።

የመጀመሪያውን ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ነው ያመጣልኝ። ቆንጆ ዕቃ ነው፤ ችግሩ የተሠራው ለአሜሪካ በር መሆኑ ነው። እዚያ የበሩ ፊት ላይ 54 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ ይበሳል። የቀዳዳው መሐል ከበሩ ጠርዝ 60 ወይም 70 ሚሊ ሜትር ይርቃል። የእኛ በር ግን በጠርዙ በኩል ተፈልፍሎ ሰረገላ ቁልፍ የገባበት ነው። የአሜሪካው እንዲገባ በሩ መፍረስ ነበረበት። ዕቃው እስካሁን መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ዘመዴ በመጣ ቁጥር «ገጠምሽው?» ይለኛል።

ሁለተኛው ከውስጥ በኩል ቁልፍ የሚሰካበትን ሲሊንደር ይዞ የሚያዞር ሞተር ነው። ግንቦት ላይ ገጠምነው፤ ምንም አላለም። ሐምሌ ሲገባ ጣውላው ውሃ ጠጥቶ አበጠ። ሞተሩ ያቃስታል፣ ምላሱ መቃኑ ላይ ይሰነቀራል፣ ባትሪው በሦስት ሳምንት አለቀ። ሰፈራችን ያሉትን አናጢ ጠራኋቸው። በሩን በትከሻቸው ገፋ አድርገው ዘጉትና ሳቁ።

«ልጄ፣ ቁልፉ ምን አጠፋ? እናትሽ ሃያ ዓመት በትከሻቸው እየገፉ ነው ሲቆልፉ የኖሩት። ሞተር ትከሻ አለው እንዴ?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ቁልፍ የምመርጠው በሩን አይቼ ነው። አብዛኛው የሽያጭ ማስታወቂያ ስለ ስልክ፣ ስለ ዋይፋይና ስለ ጣት አሻራ ያወራል። አሮጌ በር ያለው ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው፦ ምላሱን የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው? ሞተሩ ነው ወይስ የእንግዳው እጅ?

በሩን መፈተሽ

ቁልፍ ከመግዛታችሁ በፊት በሩን በአንድ ጣት ገፍታችሁ ዝጉት። ቁልፉንም ሳትገፉ፣ ሳታነሱ፣ ሳትጎትቱ አዙሩት። እንቢ ካለ ሞተርንም እንቢ ይለዋል። ምላሱ የት ጋ እንደሚነካ ለማወቅ ጫፉን ከሰል ወይም ሊፕስቲክ ቀቡትና በሩን ዘግታችሁ ለመቆለፍ ሞክሩ። መቃኑ ላይ ምልክቱን ይተዋል። ምልክቱ ከጉድጓዱ በታች ከሆነ በሩ ወርዷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የላይኛው ማጠፊያ ነው። ብሎኑ ላልቶ ይሆናል። አጭሩን ብሎን አውጥቶ እንጨቱን ጠልቆ የሚይዝ ረጅም ብሎን ማስገባት በሩን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ያበጠ ከሆነ አናጢ በመላጊያ ይልገዋል። መላጉን ግን ክረምት ላይ አታብዙት፤ በጋ ሲመጣ ጣውላው ይደርቅና ክፍተቱ ንፋስ ያስገባል።

ቀጥሎ ሜትር ያዙ። የበሩን ውፍረት ለኩ። ሰረገላው የገባበትን ቋሚ እንጨት ወይም ብረት ስፋት ለኩ። ከእጄታው መሐል እስከ ሲሊንደሩ መሐል ያለውን ርቀትም ለኩ። በአውሮፓ ሥርዓት በሚሠሩ ሰረገላዎች ይህ ርቀት ብዙ ጊዜ 72 ወይም 85 ሚሊ ሜትር ነው። በእኛ አገር ከጣሊያን፣ ከቱርክና ከቻይና የሚገቡት በዚህ ሥርዓት የተሠሩ ብዙ ናቸው። ሲሊንደሩን ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብቻ ለክታችሁ አትሂዱ። መሐሉ ላይ የሚይዘው ብሎን አለ። ከዚያ ብሎን ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ለየብቻ ይለካል፦ 30 በ30፣ 30 በ40 እየተባለ። ከውጭ በኩል ከሽፋኑ በላይ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ብቅ ማለት የለበትም። ብቅ ያለ ሲሊንደር በጉጠት ተይዞ ብሎኑ ባለበት በኩል ይሰበራል። ሌባ ይህን ከእኛ በፊት ያውቃል።

እነዚህን ቁጥሮች ከበሩ ፎቶ ጋር ስልካችሁ ላይ ያዙ። መርካቶ ሄዶ «እንዲህ ነገር፣ እንዲህ የሚያክል» እያሉ በእጅ ማሳየት ሁለት ጊዜ ያስመልሳል።

የጣውላ በር፦ ሞተር ወይስ እጄታ?

እዚህ ጋ ነው ትልቁ ምርጫ ያለው።

ከውስጥ የሚገጠመው ሞተር መልካም ጎን አለው። በሩን አትበሱትም፣ ከውጭ ምንም ለውጥ አይታይም፣ የድሮው ቁልፍም ይሠራል። የኦስትሪያው ኑኪ እና የፖላንዱ ቴዲ በዚህ ዓይነት ይታወቃሉ። የቤቱ ባለቤት ሌላ ሰው ከሆነ ወይም በሩ ሊነካ የማይገባው የጣሊያን ጊዜ በር ከሆነ ይህ ዓይነት ልብ ያሳርፋል። ኮድ መጫኛው ውጭ ግድግዳ ላይ ይለጠፍና በብሉቱዝ ከሞተሩ ጋር ይነጋገራል።

ግን ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ምላሱን የሚገፋው ሞተሩ ራሱ ነው። በሩ ከተጫነው ይደክማል፤ የእኔ ታሪክ ይኸው ነው። ሁለተኛ፣ አንዳንዶቹ ሞተሮች ከውስጥ የተሰካ ቁልፍ ነው የሚያዞሩት። ተራ ሲሊንደር ከሆነ ከውስጥ ቁልፍ ተሰክቶ ሳለ ከውጭ ሌላ ቁልፍ አይገባም። ባትሪው ያለቀ ዕለት ቁልፍ በእጃችሁ ይዛችሁ ውጭ ትቀራላችሁ። ስለዚህ ከውስጥ ቁልፍ ቢኖርም ከውጭ የሚከፈት ሲሊንደር መግዛት ግድ ነው። ሻጩን ቁልፍ ከሁለቱም በኩል አስገብቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ሦስተኛ፣ ባለ ትልቅ ጥርስ፣ አንድ ረጅም ቁልፍ ያለው የድሮ ሰረገላ ከሆነ ሲሊንደር ስለሌለው ሞተሩ የሚይዘው ነገር የለም።

ሁለተኛው አማራጭ የኮድ ሰሌዳ ያለው እጄታ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ከሞተሩ ጋር አንድ ይመስላል። ውስጡ ግን ሌላ ነው። ኮዱ ሲገባ ትንሽዬ ሞተር እጄታውን ከሰረገላው ጋር ታያይዛለች፤ ሥራዋ ይኸው ነው። ምላሱን የሚስበው የእንግዳው እጅ ነው። በሩ ቢያብጥም እንግዳው በትከሻው ገፋ አድርጎ ይገባል። ለዚህም ነው ባትሪው የሚበረክተው። ኮድ ሳይገባ ቢጫኑት እጄታው ባዶውን ይዞራል፤ ስለዚህ ጉልበተኛ ቢመጣም ሰረገላው ላይ ጫና አያርፍም።

ለአሮጌ ጣውላ በር እኔ ይህን እመርጣለሁ። ረጅም ሽፋን ያለውን ፈልጉ፤ የድሮውን ቀዳዳና ጠባሳ ሁሉ ይሸፍናል። ጉዳቱ አናጢ ማስፈለጉ ነው። አብዛኛው የራሱን ሰረገላ ይዞ ይመጣል፣ የድሮው ወጥቶ ጉድጓዱ በመሮ መስፋት አለበት። የድሮውን ሰረገላ አትጣሉት። ቤቱን መኖሪያ ማድረግ ያማራችሁ ቀን ትፈልጉታላችሁ። ሌላው ጉዳት በሩ በተዘጋ ቁጥር ከውጭ መቆለፉ ነው። እንግዳው በፒጃማ ወጥቶ ንፋስ ቢዘጋበት ኮዱን ማስታወስ አለበት። ለዚህ ኮዱን የሚያስታውሰው ቁጥር ማድረግ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ባትሪ የሌለው የሜካኒክ ቁልፍም አለ። ቁልፎቹን ተጫኑ፣ አዙሩ፣ ግቡ። መብራት፣ ኢንተርኔት፣ ባትሪ፣ ምንም አይጠይቅም። ያስደስታል። ግን ብዙዎቹ ላይ የቁጥሮቹ ቅደም ተከተል ለውጥ አያመጣም፤ 2468 እና 8642 አንድ ኮድ ናቸው። ኮዱን ለመቀየር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቁልፉን ከበሩ ነቅሎ ውስጡን መነካካት ነው። በየሦስት ቀኑ እንግዳ ለሚቀያየርበት ቤት ይህ አይሆንም። ካልተቀየረ ደግሞ የሚነኩት ቁልፎች ይላላጣሉ፤ ኮዱን ሳይነግሩት ሰው ያነበዋል። እኔ ዕቃ ቤቱ ላይ አድርጌዋለሁ፣ እዚያ ያምርበታል።

የላሜራ በር

በየሰፈሩና በየኮንዶሚኒየሙ ያለው የላሜራ በር ጠባዩ ሌላ ነው። ብረት በውሃ አያብጥም። ፀሐይ ሲመታው ግን ይለጠጣል፣ ቀን ላይ የሚይዝ በር ማታ ይላላል። ቋሚው ብረት ጠባብ ነው። ለጣውላ በር የተሠራ ሰፊ ሰረገላ አይገባበትም። ብየዳ ቤት ወስዶ ማስፋት ይቻላል፤ ግን እሱ በር መሥራት ነው።

ለዚህ በር ከውስጥ ገጹ ላይ የሚለጠፍ ሳጥን መሳይ ቁልፍ ይሻላል። በደቡብ ኮሪያ አፓርታማዎች ለብዙ ዓመታት የተለመደው ይህ ዓይነት ነው። ከውጭ የኮድ ሰሌዳው፣ ከውስጥ ምላሱን የያዘው ሳጥን፣ መሐላቸው ሽቦ የሚያልፍበት ቀዳዳ። መሰርሰሪያ ያለው ሰው በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። በሩ ሲዘጋ ራሱ ይቆልፋል። ምላሱን የሚገፋው ሞተር ስለሆነ የአናጢው ምክር እዚህም ይሠራል፦ በሩ ልቅ ብሎ መዘጋት አለበት።

መቃኑ ላይ ምላሱን የሚቀበል ብረት ማስበየድ ካለባችሁ ብየዳው ተጠናቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ቁልፉን ግጠሙ። ኤሌክትሮኒክሱ በሩ ላይ እያለ የሚበይድ ባለሙያ ካያችሁ አስቁሙት።

የዚህ ዓይነት ቁልፍ ብዙዎቹ የብረት ቁልፍ ማስገቢያ የላቸውም። ባትሪው ካለቀ ከውጭ በኩል 9 ቮልት ባትሪ የሚነካበት ሁለት ነጥብ አላቸው። አዳዲሶቹ በስልክ ቻርጀር ገመድ ኃይል ይቀበላሉ። ጥሩ ነው፤ ውስጡ ያለው ሰሌዳ ከተቃጠለ ግን ባትሪ ቢነኩት ምን ያደርጋል? ስለዚህ ቤቱ ሁለት በር ካለው አንዱን በተራ ቁልፍ ተዉት። አንድ በር ብቻ ከሆነ የብረት ቁልፍ ማስገቢያ ያለውን ካልሆነ አትግዙ።

አንድ ነገር ደግሞ ብረት ሞገድ ያዳክማል። ስልክ ከውጭ፣ ቁልፉ ከውስጥ፣ መሐል ላሜራ ከሆነ ብሉቱዙ ይቆራረጣል። በስልክ ብቻ የሚከፈት ቁልፍ ለላሜራ በር አይሆንም። እውነቱን ለመናገር ለእንግዳ ቤት በጭራሽ አይሆንም። እንግዳው ቦሌ ሲወርድ ሲም ካርድ የለውም። ሌሊት በር ላይ ቆሞ መተግበሪያ አውርድ ማለት ግፍ ነው። ቁጥር ግን አውሮፕላን ሳይሳፈር ይላክለታል።

የአልሙኒየም በር ካላችሁ ጠባብ ሰረገላ ያለው እጄታ ፈልጉ፤ «ለአልሙኒየም» ተብሎ ይሸጣል። ሌላ የሚያስጨንቅ ነገር የለውም።

የግቢው በር

ሰው የቤቱን በር አሳምሮ የግቢውን ይረሳል። እንግዳው መጀመሪያ የሚያንኳኳው እሱን ነው። ሌሊትም ቀንም የሚገኝ ዘበኛ ካላችሁ እዚያ ላይ ገንዘብ አታውጡ፤ ከዘበኛው የሚበልጥ ስማርት ቁልፍ የለም። ከሌላችሁ ሁለት መንገድ አለ።

አንዱ ማግኔት ነው። በ12 ቮልት ይሠራል፣ የተለመደው መጠን ወደ 280 ኪሎ ያህል ይዞ ይጎትታል። ጠንካራ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ግን ይለቃል። ለቢሮ የተፈጠረው ሰው እሳት ሲነሳ እንዳይታገት ነው። ለግቢ በር ግን መብራት በሄደ ቁጥር በሩ ወለል ይላል ማለት ነው። ባትሪ ካልተደረገለት አይታሰብም። ሌላው ከኢንተርኮም ጋር የሚሠራው የኤሌክትሪክ ቁልፍ ነው። ኃይል ሲያገኝ ብቻ ይከፍታል፣ መብራት ሲጠፋ እንደተቆለፈ ይቀራል፣ በተራ ቁልፍም ይከፈታል። ምርጫው ግልጽ ነው። የኮድ ሰሌዳው ዝናብ ስለሚመታው አይፒ65 የሚል ምልክት ያለው ይሁን፤ 6ቱ ለአቧራ፣ 5ቱ ለሚረጭ ውሃ ነው። ከላዩ ትንሽ የቆርቆሮ ጥላ ብትሠሩለት ደግሞ ለክረምቱ አይጎዳም።

በአራት ቁጥር የሚከፈት፣ ውስጡ ቁልፍ የሚቀመጥበት ትንሽ ሳጥንም አይናቅ። ከሁሉ ርካሹ ነው። ዋና በር አድርጌ አላምነውም፤ ርካሾቹን እጁ የለመደ ሰው ቁጥሩን በስሜት ያገኘዋል። መጠባበቂያ ቁልፍ ለማስቀመጥ ግን ግቢ ውስጥ፣ ከመንገድ የማይታይ ቦታ ላይ ቢሆን ጥሩ ነው።

ዋጋ አልጻፍኩም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ነገ አይሠራም። ቅደም ተከተሉ ግን እንደዚያው ነው፦ ሳጥኑ ከሁሉ ይረክሳል፣ ከአውሮፓ የሚመጣው የውስጥ ሞተር ከሁሉ ይወደዳል፣ እጄታውና ገጽ ላይ የሚለጠፈው መሐል ላይ ናቸው።

ኮዱ፣ ሰዓቱና ኢንተርኔቱ

ይህን ክፍል በደንብ አንብቡት፤ እንግዳ ደጅ ያሳደረብኝ እሱ ነው።

ዋይፋይ ያለው ቁልፍ ባትሪ ይበላል፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥም አዲስ ኮድ ከሩቅ መላክ አይቻልም። ኢንተርኔት ሳይፈልግ የጊዜ ገደብ ያለው ኮድ የሚቀበል ቁልፍ ለእኛ ይሻላል። ቲቲሎክ በሚባለው መተግበሪያ የሚሠሩ ቁልፎች ይህን ያደርጋሉ። መተግበሪያው ቁጥሩን በስሌት ያወጣል፣ ቁልፉም ያንኑ ስሌት ያውቃል፣ መገናኘት አያስፈልጋቸውም። እናንተ ጎንደር ሆናችሁ ለአዲስ አበባው በር ኮድ ትሰጣላችሁ። ሁለት ነገር ብቻ፦ ኮዱ ሥራ ከሚጀምርበት ሰዓት አንስቶ እንግዳው በ24 ሰዓት ውስጥ አንዴ ካልተጠቀመበት ኮዱ ይሞታል። በረራ የዘገየበት እንግዳ ካለ ሌላ ላኩለት። የቁልፉ ሰዓት ትክክል መሆኑንም ባትሪ በቀየራችሁ ቁጥር አረጋግጡ።

የሰዓት ነገር ከተነሳ፣ የእኔ ጉድ እንዲህ ነበር። እንግዳው ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይደርሳል። እኔ እሁድ 8 ሰዓት ብዬ ሞላሁ። መተግበሪያው የሚያውቀው የፈረንጁን ሰዓት ነው። በእሱ አቆጣጠር ያ ሌሊት እሁድ 2 ሰዓት ነው፤ ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ተቀይሯል። እኔ የሞላሁት እሁድ ጠዋት ሆኖ አረፈው፤ እንግዳው ሲደርስ ኮዱ ገና አልጀመረም። ሻንጣውን ደጃፍ ላይ አንጥፎ ተኛ፤ እኔም ስልኬን ዘግቼ ተኝቻለሁ። መውጫውም ላይ እንዲሁ ነው። «4 ሰዓት ይውጣ» ብሎ 4 መሙላት እንግዳውን ንጋት ሳይሆን ከቤቱ ይቆልፍበታል። አሁን ወረቀት ላይ በሁለቱም ሰዓት ጽፌ፣ ከፊትና ከኋላ ሁለት ሁለት ሰዓት እጨምራለሁ።

ለኮዱ የእንግዳውን ስልክ የመጨረሻ ቁጥሮች እሰጣለሁ። ይህን የማደርገው ባለሁበት በብሉቱዝ ራሴ ስሞላው ነው፤ በስሌት የሚወጣው ቁጥር አይመረጥም። ስድስት አሃዝ ከአራት ይሻላል። ለተመላላሿ የራሷን ኮድ ስጧት፣ የእንግዳውን አትስጧት፤ ነገር ሲጠፋ ንጹሕ ሰው እንዳይጠረጠር ይረዳል። የጣት አሻራ ብዬ ሞክሬ ነበር። ልብስ የሚያጥብና በረኪና የሚነካ እጅ አሻራው ይሳሳል፣ ቁልፉ አላውቅሽም ይላታል። ካርድ ሰጠኋት፣ ተገላገልን።

ባትሪው

አብዛኞቹ አራት ባትሪ ድንጋይ ይወስዳሉ። አልካላይን የሚለውን ግዙ። ርካሹ ቶሎ ይወርዳል፣ ውሃ ይተፋል፣ ውስጡን ያበላሸዋል። ቻርጅ የሚደረገውን ብዙ አምራቾች አትጠቀሙ ይላሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንዱ 1.5 ሳይሆን 1.2 ቮልት ነው፤ አራቱ ተደምረው 6 መሆን ሲገባቸው 4.8 ይሆናሉ። ቁልፉ የቀረውን በትክክል አያነብም፣ ሳያስጠነቅቅ ይጠፋል። እኔ መስከረምና መጋቢት ላይ፣ ቢያልቅም ባያልቅም እቀይራለሁ። የወጣው ለሪሞት ይሆናል።

ከውስጥ ሰው ያለ ቁልፍ መውጣት መቻል አለበት። ብዙ ቤት ከበሩ ኋላ የብረት ፍርግርግ አለ፣ ማታ በጓጉንቸር ቁልፍ ይቆለፋል። እንግዳ ባለበት ቤት ይህ አደገኛ ነው። እሳት ቢነሳ ቁልፉ የት እንዳለ እንግዳው አያውቅም። ከውስጥ በእጅ በሚከፈት መቀርቀሪያ ለውጡት።

አሁን እናቴ ቤት ዋናው የጣውላ በር ላይ ባለ ኮድ እጄታ አለ፣ የጓሮው ላሜራ በተራ ቁልፍ ቀርቷል፣ የጓሮው ቁልፍ ደግሞ ቆጡ ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ነው። እናቴ የኮዱን ነገር አልወደደችውም። ስትመጣ በጓሮ ነው የምትገባው።